ኮረሪማ ከመትከላችሁ በፊት ጥላውን አስቡ



የኮረሪማ ችግኝ ከጅማ አስመጥታችሁ በአዳማ ዙሪያ ልትተክሉ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የተክሉን ጠባይ እወቁ።

ኮረሪማ የዝንጅብልና የእርድ ዘመድ ነው። የትውልድ ቦታው የከፋ፣ የጅማና የኢሉ አባ ቦር እርጥብ ደን ሲሆን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። መሬት ውስጥ ሥር የሚመስል ግንዱ ወደ ጎን እየተስፋፋ አዲስ ቡቃያ ያወጣል። ቅጠላማው ክፍል ከ1 እስከ 2 ሜትር ይቆማል፤ አበባው ግን ከጫፉ ሳይሆን ከሥሩ፣ ከመሬት ጠጋ ብሎ ይፈነዳል። ቀዩም ፍሬ እዚያው ይያዛል። ስለዚህ ሥሩን በዶማ የሚኮተኩት ሰው ምርቱን አብሮ ይቆርጣል፤ አረሙን በእጅ ንቀሉ። ከዘር የተነሣ ተክል ፍሬ ለመስጠት ዓመታት ይፈልጋል።

የእኛ መሬት ደግሞ ሞቃትና ነፋሻ ነው፤ ዝናቡም አጭር ነው። ገላጣ ማሳ ላይ የተተከለ ኮረሪማ ቅጠሉ ይቃጠላል። መስኖ ያለው የማንጎ ማሳ ያላችሁ፣ ጥቂት እግር ብቻ ከዛፉ ሥር ተክላችሁ፣ ጉዝጓዝ አልብሳችሁ፣ አንድ በጋ እንዴት እንደሚያልፍ እዩ። ጥላና ውኃ በሌለበት ግን ለኮረሪማ ብላችሁ የጤፍና የቦሎቄ ማሳችሁን አትልቀቁ። ከመወሰናችሁ በፊት የቀበሌያችሁን የልማት ሠራተኛ ማሳችሁ ድረስ ጥሩ።