ስለ ኮምፒውተር ሙቀትና ስለ ቤት ውስጥ አያያዙ



በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች በየቤቱ ስለሚገኘው ኮምፒውተርና በውስጡ ስለሚፈጠረው ሙቀት ነው። ነገሩ ለሰሚው ቀላል ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከወር ደመወዙ ቆጥቦ ኮምፒውተር የገዛ የመንግሥት ሠራተኛ፥ መሣሪያው በሥራ መካከል ድንገት ጠፍቶ የደከመበት ጽሑፍ ሲቀርበት፥ ወይም ከውጭ አገር በውድ ዋጋ የመጣው ግራፊክስ ካርድ ያለ ዕድሜው ሲበላሽበት፥ ጉዳቱ ቀላል አለመሆኑን ይረዳዋል።

ግራፊክስ ካርድ ማለት በስክሪኑ ላይ የምናየውን ሥዕል እያሰላ የሚያወጣ የኮምፒውተር ክፍል ነው። የሕንፃ ንድፍ ለሚነድፈው መሐንዲስ፥ የሠርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብረው ባለሙያ፥ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረው በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ለሚማረው ወጣት ሁሉ ያገለግላል። ይህ ካርድ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ 300 ዋት የሚወስድ ካርድ በሥራ ላይ ሳለ የሚሰጠው ሙቀት፥ የቀድሞዎቹ ባለ 100 ዋት አምፖሎች ሦስት ሆነው በአንድ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ቢበሩ የሚሰጡትን ያህል ነው።

አንዳንድ ሰዎች «አገራችን ነፋሻ ስለሆነች ይህ የቆላ ሰዎች ችግር ነው» ይላሉ። እርግጥ ነው፤ ቡታጅራ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል፥ ወልቂጤም 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላቸው የአየራቸው ቅዝቃዜ ይረዳል። ሆኖም በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ክብደቱ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በአምስተኛ እጅ ያህል ያንሳል። ስለሆነም ማራገቢያው እኩል ቢዞርም ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ይሆናል። ደጋነት ብቻውን ዋስትና አይደለም ማለት ነው።

ዋናው መታወቅ ያለበት ነገር ሙቀት ከቦታ ወደ ቦታ ይሄዳል እንጂ እንዲሁ የማይጠፋ መሆኑ ነው። በጉራጌ የሣር ቤት ውስጥ የምድጃው ጢስ ሽቅብ ወጥቶ በክዳኑ መካከል እየሾለከ እንደሚሄድ፥ የካርዱም ሙቀት መውጫ መንገድ ይሻል። መንገዱም የታወቀ ነው፤ ከካርዱ ልብ በቅባት አማካይነት ወደ መዳብና ወደ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ያልፋል፤ ከዚያ ማራገቢያው ወደ ክፍሉ አየር ያወጣዋል፤ በመጨረሻም በመስኮት ወደ ውጭ ይሄዳል። ከእነዚህ አንዱ ከተዘጋ የቀሩት ሁሉ ከንቱ ይደክማሉ። መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ማራገቢያ ቢጨምሩ ያንኑ ትኩስ አየር ማዟዟር ብቻ ይሆናል።

ይህን መንገድ የምንዘጋው ብዙ ጊዜ እኛው ራሳችን ነን። ኮምፒውተሩን ለክብሩ ስንል ዳንቴል እናለብሰዋለን፤ ቁም ሣጥን ውስጥ እንከተዋለን፤ ወይም ከግድግዳ ጋር እናጣብቀዋለን። በበጋ የሚነሣው አቧራ፥ ከቡና ቁላውና ከዕጣኑ ጢስ ጋር ተቀላቅሎ በአሉሚኒየሙ ቅጠሎች መካከል እንደ ጨርቅ ይጋገራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከወለል ከፍ አድርጎ፥ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል አርቆ፥ ሳይሸፍኑ ማኖር ይገባል። ዳንቴሉ የሚለብሰው መሣሪያው ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ነው። ሁለተኛ፥ በየሦስት ወሩ አቧራውን ማራገፍ ነው። ለዚህም መሣሪያውን አጥፍቶ ገመዱን ከሶኬት መንቀል፥ የሣጥኑን ብረት ነክቶ በሰውነት ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ማስወገድ፥ ከዚያም በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ወይም ብሎወር በሚባለው መንፊያ መጥረግ ነው። ሲነፋ የማራገቢያው ክንፍ እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ አለበት። እርጥብ ጨርቅ ፈጽሞ አያስፈልግም። ሦስተኛ፥ ካርዱ የሚወስደውን ኃይል በራሱ ፕሮግራም በመጠኑ መቀነስ ይቻላል፤ የሚጠፋው ፍጥነት ጥቂት ሲሆን የሚቀንሰው ሙቀት ግን ብዙ ነው።

ለብዙዎቹ ካርዶች በከባድ ሥራ ጊዜ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ የሚያሠጋ አይደለም። ወደ 90 ሲጠጋ ግን ካርዱ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያም ካልበቃ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። አቧራው ተጠርጎ ሙቀቱ ካልበረደ፥ የደረቀውን ቅባት እንዲለውጥ ለባለሙያ መስጠት ይገባል። አዲስ ካርድ ስለ መግዛት የሚታሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እንግዲህ ብሩሹ በጥቂት ብር ይገኛል፤ መስኮት መክፈት ደግሞ ምንም ዋጋ የለውም። ለልጆች ትምህርት ሊውል የሚችለውን ገንዘብ አቧራ እንዳይበላው መጠንቀቅ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ተግባር ነው።