የግቢያችን ዛፎችና የመስጊዱ ማስፋፊያ
(ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ለጀማዓው የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ስለ ግቢያችን ዛፎች ነው። እንደሚታወቀው መስጊዳችን ጠቦናል። በጁሙዓና በዒድ ግማሹ ጀማዓ ክረምት በዝናብ፣ በጋ በፀሐይና በነፋስ ውጭ ይሰግዳል። በመሆኑም ኮሚቴው መስጊዱን በኋላ በኩል ለማስፋት ወስኖ፣ እናንተም ገንዘባችሁንና ጉልበታችሁን ሰጥታችሁ ድንጋዩ ተጠርቦ ገብቷል። ነገር ግን መሠረቱ ሲቀየስ የተዘረጋው ገመድ በትልቁ ወይራ ሥር አለፈ። ሁለቱ ትንንሽ ወይራዎች፣ አራቱ ጥዶችና የባሕር ዛፉ ረድፍም በመስመሩ ውስጥ ገቡ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጀማዓው በሁለት ተከፍሎ ሲነጋገር እሰማለሁ። አንደኛው ወገን፣ «ቤቱ የአላህ ቤት ነው፣ ዛፉ ይቆረጥና እንጨቱ ለጣራ ይዋል» ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ በተለይም ወጣቶቻችን፣ በሌላ ሀገር ትልቅ ዛፍ በማሽን ተነቅሎ ሲተከል በስልካቸው ስላዩ፣ «ማሽን ተከራይተን ሁሉንም እናዛውር» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች በቅን ልቡና እንደሚናገሩ አውቃለሁ። ሆኖም ውሳኔ ላይ ከመድረሳችን በፊት ያደገን ዛፍ ማዛወር ምን እንደሚጠይቅ አብረን ብንመለከት ይሻላል ብዬ አሰብሁ።

ስለ ትልቁ ወይራ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ሉሓችሁን ይዛችሁ በሥሩ አሊፍ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ጀናዛ አጅቦ የመጣ ሰው የሚያርፈው እዚያ ነው። የተጣላ የሚታረቀውም እዚያ ነው። በእኛ በዋድላም ሆነ በመላው ላስታ ያረጀ ወይራና ጥድ ያለው በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመቃብር ግቢ ካልሆነ በቀር ከሌላ ቦታ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ጉዳዩ የጥላ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት ቤት ስሠራ አንድ ጥድ ከበሬ ላይ ቆሞ አስቸገረኝ። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፣ ግንዱ የክንድ ያህል ነው። መቁረጡ ስላሳዘነኝ ነቅዬ ከጓሮ ልተክለው ተነሣሁ። ጊዜው ታኅሣሥ ነበር። ከግንዱ ጥግ አስጠግቼ ቆፈርሁ። ሸክሙ እንዲቀል ብዬ ከሥሩ ላይ ያለውን አፈር አራገፍሁት። ነፋስ እንዳይጥለው ደግሞ ከቀድሞው አጥልቄ ቀበርሁት። ሁለት ሳምንት ያህል ውሃ ሳጠጣው ሰነበትሁና ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ስላየሁት፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ያዘ» ብዬ ተውሁት። እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ አረንጓዴ ነበር። በሚያዝያ ግን ከጫፉ ጀምሮ ቀላና አለቀ። በኋላ እንደተረዳሁት ጥድ ከሞተም በኋላ ለብዙ ጊዜ አረንጓዴ መስሎ ይቆያል። እኔ ዳነ ብዬ ስደሰት እሱ ሞቶ ነበር።

የሠራሁትን ስሕተት ኋላ ቆይቼ ለየሁት። አንድ ዛፍ ውሃ የሚጠጣው በወፍራሞቹ ሥሮች አይደለም። ወፍራሞቹ ዛፉን አቁመው ይይዛሉ። ውሃውን የሚስቡት እንደ ፀጉር የቀጠኑት የሥር ጫፎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የሚገኙት ከላይኛው የአፈር ክፍል ነው። ርዝመታቸውም ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይሄዳል። አንድን ዛፍ ከግንዱ አጠገብ ስንቆፍር እነዚህን ሁሉ ቆርጠን እናስቀራለን። ቅጠሉ እንደ ቀድሞው ውሃ ይጠይቃል፣ የሚያመጣለት ሥር ግን የለም። አፈሩን ስናራግፍ ደግሞ የቀረችውን ጥቂት ሥር በነፋስ እናደርቃታለን። ግንዱን አጥልቀን ስንቀብር ሥሩ ይታፈናል። ስለዚህ ያደገ ዛፍ የሚዛወረው ከነአፈሩ ነው፣ የሚተከለውም በቀድሞው ልክ ነው።

ምን ያህል አፈር ይዞ መነሣት አለበት? በዚህ ሙያ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ። ከዛፉ ጋር የሚነሣው አፈር ወርዱ ከግንዱ ውፍረት ከ10 እስከ 12 እጥፍ መሆን አለበት። እኔ ዛፎቻችንን በገመድ ለካኋቸው። ትንንሾቹ ወይራዎች ግንዳቸው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወፍራል። ስለዚህ ወርዱ ከ1 ሜትር በላይ፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አፈር ይዘው መነሣት አለባቸው። ይህ ከ7 እስከ 10 ኩንታል ይመዝናል። በጆንያና በገመድ ተጠቅልሎ፣ በእንጨት ላይ ተደርጎ ጎበዞች ሊጎትቱት ይችላሉ።

የትልቁ ወይራ ዙሪያ ግን 2 ሜትር ያህል ስለሆነ ውፍረቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። በዚያው መለኪያ ከሄድን ወርዱ ከ6 ሜትር ያላነሰ፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ አፈር ይጠይቃል። ይህ ከ400 ኩንታል በላይ ነው። አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ይጭናል ብንል የስምንት አይሱዙ ሙሉ ጭነት በአንድ ጊዜ ሳይሰነጠቅ ማንሣት ማለት ነው።

ይህ ፈጽሞ አይቻልም ማለቴ አይደለም። በጃፓን ሀገር ሚቦሮ የሚባል ግድብ ሲሠራ ከ400 ዓመት በላይ የቆዩ ሁለት የሾካዋ የቼሪ ዛፎች ውሃው ሊውጣቸው ሆነ። እነሱም እንደ እኛው ወይራ በጸሎት ቤት ግቢ የበቀሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960 ቅርንጫፎቻቸው ተቆርጠው፣ እያንዳንዳቸው ወደ 40 ቶን የሚጠጋ ክብደት ይዘው ወደ ዳገቱ ተዛወሩ። የተቆረጡትን ዛፎች ያየ ሰው ይድናሉ ብሎ አላመነም ነበር፣ ሆኖም አቆጠቆጡ፣ ዛሬም ያብባሉ። ነገር ግን ይህን የሠራው ግድቡን የሚሠራው ድርጅት ከነመሣሪያውና ከነባለሙያዎቹ ነው። እኛ ደግሞ ጣራ የምናለብሰው በመዋጮ ነው።

ዛፍን ከነሥሩ ማዛወር ለእኛ ለምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም። ከዛሬ 3,500 ዓመት ገደማ በፊት ሐትሼፕሱት የተባለችው የግብጽ ንግሥት ፑንት ወደሚባለው ሀገር መርከቦች ልካ የዕጣን ዛፎችን አስመጥታለች። ፑንት በቀይ ባሕር ደቡብ በኩል፣ በእኛው አካባቢ እንደነበረ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ። ሰዎቹ ዛፎቹን ሥራቸው በቅርጫት ውስጥ እንዳለ በመሸከሚያ ሲሸከሙ የሚያሳየው ሥዕል በቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ አለ። በሀገራችንም የጉራጌ ገበሬ እንሰትን በዕድሜው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ደጋግሞ ያዛውረዋል። እንሰት ዛፍ ባይባልም ገበሬው ጊዜውን ጠብቆ፣ ቅጠሉንና ሥሩን ከርክሞ፣ አዲሱን ጉድጓድ አዘጋጅቶ ስለሚያዛውረው ይወፍራል እንጂ አይሞትም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰልማን አል-ፋሪሲን (ረ.ዐ.) ታሪክ እናስታውስ። ሰልማን ከባርነት ነፃ ለመውጣት ከጌታቸው ጋር የተዋዋሉት 300 የተምር ችግኝ ሊተክሉና 40 ወቄት ወርቅ ሊከፍሉ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸው እንዲረዷቸው ባዘዙ ጊዜ አንዱ 30፣ ሌላው 20፣ ሌላው 15፣ ሌላውም 10፣ ሁሉም እንደ ዐቅሙ ችግኝ አመጣ። ሰልማን አስቀድመው ጉድጓዶቹን እንዲቆፍሩ ታዘዙ። ቁፋሮው ካለቀ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው በእጃቸው ተከሏቸው፣ አንድም አልሞተ። በረካው የአላህ ነው። ለእኛ ትምህርት የሚሆነን ግን ችግኙ ከመምጣቱ በፊት ጉድጓዱ መቆፈሩና ሥራው የሁሉም መሆኑ ነው።

ዛፍም እንደ ሰው ጠባዩ ይለያያል። አዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የሄዳችሁ በመንገድ ዳር ያደጉ ዘንባባዎች ቆመው አይታችኋል። ዘንባባ ከግንዱ ሥር አዲስ ሥር ስለሚያወጣ መዛወርን ይችላል። ወይራም ቅርንጫፉ ተከርክሞ ከሥሩ ስለሚያቆጠቁጥ ታጋሽ ነው። ጥድ ግን አይታገሥም፣ እኔም በጥፋቴ አይቼዋለሁ። ባሕር ዛፍን ካደገ በኋላ ማዛወር ደግሞ ድካም ነው፣ ቢቆረጥ ይሻላል።

ስለዚህ በበኩሌ ለኮሚቴው የማቀርበው አሳብ እንዲህ ነው።

ባሕር ዛፉ ይቆረጥ፣ ለግንባታው መወጣጫና ማገር ይሁን። አራቱ ጥዶች በመሠረቱ መካከል ስለሆኑ መቆረጣቸው ግድ ነው። ይሁንና በመጪው ክረምት በአንዱ ጥድ ፈንታ አምስት ችግኝ በመቃብሩ አጥር ዙሪያ እንትከል። ትልቁ ወይራ ካለበት አይነካ። ግድግዳው ከዚያ በኩል ጥቂት ሜትሮች ወደ ውስጥ ይግባ። ይህን ስል አንድ ሰፍ ሰጋጅ የሚይዝ ቦታ እንደምናጣ ዐውቄ ነው። መሠረቱም በሥሩ ላይ እንዳያልፍ ግንበኛው ከግንዱ ይራቅ፣ ድንጋይና ሲሚንቶም በጥላው ሥር አይከመር። የዛፍን ሥር ቆርጦ «ዛፉን ትቼዋለሁ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ሁለቱ ትንንሽ ወይራዎች ግን ይዛወሩ። ለዚህም አንድ ዓመት ዝግጅት ያስፈልጋል። ሥራው በእነሱ በኩል ያለውን ቁፋሮ በመጨረሻ ከጀመረ ጊዜው ይበቃናል። በዚህ ሰኔ በዙሪያቸው ክብ ቦይ ተቆፍሮ ረዘም ያሉት ሥሮች በሹል መሣሪያ ይቆረጡ፣ ቦዩም በብስባሽና በለስላሳ አፈር ይሞላ። ክረምቱን አዳዲስ ቀጫጭን ሥሮች እዚያው አጠገብ ያበቅላሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ሲገባ ከነአፈራቸው ይነሡ። ቅርንጫፋቸው ይከርከም፣ በቂብላ በኩል ያለው ጎናቸው በቀለም ምልክት ተደርጎበት በአዲሱም ቦታ ወደዚያው ይዙር። እንዳይወዛወዙም በሦስት ገመድ ይወጠሩ። በጋ የሚነቀል ዛፍ በእኛ ደጋ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ስለሚያገኘው አይሞከር።

አሁን ዋናውን ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ውሃውን ማን ይቀዳል? ግንዱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ አዲሱን ቦታ እስኪለምድ አራት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ክረምቱን አላህ ያጠጣዋል፣ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ያለው ግን የእኛ ፋንታ ነው። እኛ ወንዶች እዚህ ተቀምጠን «ይተከል» ብለን እንወስናለን፣ ጀሪካኑን ተሸክመው ዳገት የሚወጡት ግን እናቶቻችንና ሴት ልጆቻችን ናቸው። ለቤታቸው የሚቀዱት ሳያንስ የእኛን ውሳኔ በጀርባቸው ልናሸክማቸው አይገባም። በመሆኑም ዛፎቹ የሚተከሉት ከውዱእ ማድረጊያው በታች ይሁን። የውዱእ ውሃ በቦይ ወደ ሥራቸው ይውረድ። እሱ የማይበቃበት ወራት ደግሞ ደረሶችና የኮሚቴው አባላት በተራ ይቅዱ። የመጀመሪያው ተራ የእኔ ነው።

ይህን ቃል ለአራት ዓመት መጠበቅ የማንችል ከሆነ ግን ዛሬውኑ እንቁረጣቸው። አዛወርን ብለን ፎቶግራፍ ተነሥተን በሁለተኛው በጋ ከማድረቅ እውነቱን መናገር ይሻላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰውም ወፍም እንስሳም ቢበላ ለተካዩ ሶደቃ እንደሚሆንለት አስተምረውናል። ትልቁን ወይራ ያሳደጉልን አባቶች ስማቸውን እንኳ አናውቅም፣ ጥላቸውን ግን ተቀምጠንበታል። ከእኛ በኋላ የሚመጡትም በጥላ ሥር አሊፍ እንዲሉ እንሻለን።

አላህ መስጊዳችንን በሰላም ያስጨርሰን፣ የጀመርነውን የምንፈጽም ያድርገን፣ ውዱእ አድርጎ ለሰገደውም ውሃ ተሸክሞ ለመጣውም ምንዳውን ያብዛለት። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።