በሳፋ አጠገብ የተጀመረ ሕክምና
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በትልቅ ከተማ ውስጥ ማደሪያ ለሌለው ሰው በበጎ ፈቃድ ስለሚሰጥ እርዳታ ሲነሣ፣ አስቀድሞ ወደ ሐሳብ የሚመጣው በበዓል ዋዜማ የሚታደለው ምግብና ልብስ ነው። ይህ የሚናቅ አይደለም፤ የራበው ሊበላ ይገባዋል። የሕክምና ባለሙያ ግን ከሙያው ቆርሶ ለመስጠት ሲነሣ ከወዴት ይጀምር? በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ለዚህ ጥያቄ የተገኘው መልስ በዝርዝር ሊነገር የሚገባው ነው።

በዚያች ከተማ ፓይን ስትሪት ኢን የተባለው የድኾች ማደሪያ በ1969 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። በ1972 ደግሞ የከተማው ሆስፒታል ነርሶች በገዛ ፈቃዳቸው እየመጡ በማደሪያው ውስጥ አንድ ክሊኒክ አቋቋሙ። ክሊኒኩ የነርሶች እንጂ የሐኪሞች አልነበረም።

በ1985 ጂም ኦኮነል የተባለ ወጣት ሐኪም የውስጥ ደዌ ሥልጠናውን እንደ ፈጸመ፣ ማደሪያ የሌላቸውን ሰዎች ለአንድ ዓመት ብቻ ሊያክም ተስማማ፤ ከዚያ በኋላ በኒውዮርክ የካንሰር ሕክምና የሚማርበት ቦታ ይጠብቀው ነበር። ወደ ክሊኒኩ በገባ ጊዜ ባርባራ ማኪኒስ የተባለችው ነርስ የልብ ማዳመጫውን አስቀምጦ በሳፋ የሰዎቹን እግር እንዲያጥብ አዘዘችው። እርሱም ታዘዘ። እንዲህ ያለው ትእዛዝ ከነርስ ወደ ሐኪም ሲሄድ በየትኛውም አገር ሆስፒታል ዘወትር የሚታይ አይደለም።

ትእዛዙ ግን ቀልድ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ሲንከራተት የሚውል፣ ሌሊቱንም ተቀምጦ የሚያነጋ ሰው እግሩ ያብጣል፤ በረጠበ ጫማ ውስጥ ቆዳው ይላላጣል፤ ብርዱ ሲጸና ጣቶቹ ይበድናሉ። እግሩን በእጁ ይዞ የሚመለከት ባለሙያ የስኳር በሽታንም የልብ ድካምንም ከዚያው ሊያነብ ይችላል። ከዚህም የሚበልጠው አቀማመጡ ነው። ሕመምተኛው በወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሐኪሙ ከእግሩ ሥር ይንበረከካል። ከደጅ ወደ ደጅ ሲገፋ ለኖረ ሰው ይህ የሥልጣን መገለባበጥ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ከመንገድ የገባ እንግዳ እግሩ ይታጠብበት ከነበረ ቤት ለተወለደ ኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያሻም።

ከታጠቡት አንዱ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ መድኃኒት አልወስድም ብሎ ዓመታት የቆየ ሽማግሌ ነበር። ሐኪሙ ለሳምንታት እግሩን ሲያጥብለት ቆየ። በመጨረሻ ሽማግሌው፣ ሐኪም ከሆንክ እግር ማጠብን ምን አመጣው ሲል ጠየቀው። ንግግር የተጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ እየዋለ እያደረም ሰውየው መድኃኒቱን ለመውሰድ ፈቀደ። ኦኮነል ወደ ኒውዮርክ ሳይሄድ ቀረ፤ አንዱ ዓመት ወደ ዐሥርት ዓመታት ተራዘመ።

እንዲህ ያለው ትዕግሥት ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ቁጥር ይበቃል። ከ1988 እስከ 1993 በቦስተን በሞቱ መጠለያ አልባ ጎልማሶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ አማካይ የሞት ዕድሜያቸው 47 ዓመት ሆኖ ተገኝቷል።

በአዲስ አበባ የበጎ ፈቃድ መንፈስ እንግዳ ነገር አይደለም። አቶ ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. መቄዶንያን ሲመሠርቱ ሥራውን የጀመሩት አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከመንገድ እያነሡ ነው፤ ገላ የሚያጥቡና ልብስ የሚያጥቡ በጎ ፈቃደኞችም ወደ ማእከሉ ይመላለሳሉ። ሆኖም እያንዳንዱን በረንዳ አዳሪ ተቀብሎ ሊያኖር የሚችል አንድም ማእከል የለም። ስለዚህ የማኅበሩ አባላት ድርሻ ወደ ማእከል ባልገባው ሰው ዘንድ ሰፊ ነው።

በቦስተን ነርሶቹና ሐኪሞቹ ቀድመው ያስተዋሉት ከሆስፒታል የሚወጣውን ሰው ጉዳይ ነበር። ከሆስፒታል ለመውጣት የደረሰ፣ በመንገድ ላይ ለማደር ግን ገና ያልዳነ ሰው ወዴት ይሂድ? በ1985 ለእንደዚህ ያሉት 25 የማገገሚያ አልጋዎች ተዘጋጁ፤ በኋላም ሥራው አድጎ ከ100 በላይ አልጋዎች ያሉት የማገገሚያ ቤት በነርሷ በባርባራ ማኪኒስ ስም ይጠራል። አልጋ ለማዘጋጀት ገንዘብና ሕንፃ ያስፈልጋል፤ የአንድ ማኅበር አቅም ላይደርስ ይችላል። «እግርዎን ከፍ አድርገው ይተኙ፤ ቁስሉን በየቀኑ ያስጠርጉ» ተብሎ የተሰናበተ ሰው ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወይም ከሱቅ በረንዳ ላይ ተኝቶ ሲገኝ፣ ፋሻና ንጹሕ ውሃ የያዘ አንድ ነርስ በሳምንት በተወሰነ ቀንና ሰዓት፣ ሳያቋርጥ፣ ወደዚያው ስፍራ ሊመላለስ ይችላል።