የቆዳ ሥራና የጎረቤት ዋጋ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሜ በዚህ ዓመት የተለዩንን ነፍስ ይማር እላለሁ። የመዋጮውና የድንኳኑ ጉዳይ ካለቀ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝም አመሰግናለሁ። የተሰጠኝ ርእስ «ከደመወዝ ውጭ የእጅ ሥራ ሠርቶ ቤትን ስለ መደጎም» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ነው፤ እኔ የማውቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ስለ ሆነ እርሱኑ ልናገር። እርሱም ቆዳ መስፋት ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት መተዳደሪያዬ ማስተማር ነው። ማታ ማታና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ወስፌና መርፌ ይዤ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ለራሴና ለወዳጅ ስሰፋ ቆየሁ፤ ከ3 ዓመት ወዲህ ለገበያ እሠራለሁ። ሀብታም አላደረገኝም። የልጆቼን የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ ግን ይችላል፤ አንዳንዴም የዚህን እድር መዋጮ።

ለመሆኑ ይህ ሥራ በሉማሜ ለምን አልሰፋም? ቢባል ሰው ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ቆዳ የለም፣ መነሻ ገንዘብ የለም» የሚል ነው። እርሱም አለ፤ አልክድም። በእኔ አስተያየት ግን ዋናዎቹ እንቅፋቶች ሌሎች ናቸው፤ አንዱ ስም ነው፣ ሁለተኛው ዋጋ ነው። ሁለቱም ያሉት በእኛው በጎረቤታሞቹ እጅ ነው። እዚህ ስብሰባ ላይ መናገሬም ስለዚሁ ነው።

ስሙን ላስቀድም። ቆዳ የሚያለፋ ሰው በአገራችን ፋቂ ይባላል። ቃሉ መፋቅ ከሚለው የወጣ የሥራ ስም ነው፤ ሲነገር የኖረው ግን እንደ ስድብ ነው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ፋቂው በጋብቻ ተለይተው፣ ርስት አጥተው፣ «ዓይናቸው ይበላል» እየተባሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው እየጠሩ መሳደብን በአዋጅ ከለከሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ደግሞ ርስት ያልነበራቸው ባለእጆችም እንደ ሌላው አራሽ መሬት የማግኘት መብት አገኙ። አዋጅ ግን አፍ አይለጉምም።

ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። ጎጃም የሊቃውንት አገር ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስን፣ መርጡለ ማርያምን፣ ደብረ ወርቅን የማያውቅ የለም። በነዚህ ቦታዎች ያሉት የጥንት መጻሕፍት የተጻፉት በምን ላይ ነው? በቆዳ ላይ ነው። ብራና አዘጋጁ ሌጦውን ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጥራል፣ ጠጉሩንና ሥጋውን ይፍቃል፣ እንደ ተወጠረ ያደርቀዋል። ስለ ፋቀ ግን ማንም ፋቂ ብሎ አልሰደበውም። መጽሐፉ ሲጠረዝ የሳንቃው መሸፈኛ የለፋ ቆዳ ነው፤ እርሱም በጋለ ብረት እየተተኮሰ ሐረግና መስቀል ይወጣበታል፤ ድጉስ የምንለው ይህ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ በትከሻ የሚንጠለጠለው ማኅደር አለ። የቆሎ ተማሪው ደበሎም የበግ ቆዳ ነው። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ማኅደሩን ተሳልሞ ቆዳውን ያለፋውን ሰው መናቅ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

እኔ ቀበቶ መስፋት ስጀምር አንድ ዘመዴ «አስተማሪ ሆነህ ፋቂ ልትሆን ነው?» አለኝ። ስቄ አለፍሁት። እኔ ደመወዝ አለኝ፣ ስድቡ ይቀለኛል። የሚከብደው ለሌላው ነው። ጀንዲና ጠፍር እያለፉ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንድ አዛውንት አውቃለሁ። ከልጆቻቸው አንዱም ሙያውን አልያዘም፤ በልጅነታቸው ሲጠሩበት የኖሩትን ስም ሸሽተው ወደየከተማው ሄዱ። የቱ ቆዳ ስንት ቀን እንደሚዘፈዘፍ፣ የመቅመቆው ሥር መቼ እንደሚገባ፣ ጠንካራው ጀንዲ በምን ያህል ቅባትና እሸት እንደሚለሰልስ የሚያውቁት እኒያ ሰው ናቸው። ሲያርፉ አብሮ ይቀበራል። እኛ የቀብር እድር ነንና ከሰው ጋር ምን ምን እንደሚቀበር ከሌላው ይልቅ ልናስብበት ይገባል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

ትርፍ ጊዜ ብቻ ያለው ሰው ማልፋቱን ባይጀምረው ይሻላል። ብዙ ውኃና ብዙ ቀን ይፈልጋል፣ ይሸታል፣ ቆሻሻ ውኃውም ጉድጓድ ውኃ አጠገብ ሊፈስ አይገባም። የለፋ ቆዳ ይግዛ። የአገር ቤቱን ከአልፊው፣ የፋብሪካውን ከነጋዴ ማግኘት ይቻላል፤ ሞጆም፣ ባሕር ዳርም፣ ኮምቦልቻም የቆዳ ፋብሪካዎች የተቋቋሙባቸው ናቸው። የፋብሪካ ቆዳ የሚሸጠው በስኩዌር ፊት ነው፤ አንዱ በግምት 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከከብት ቆዳ ጠንካራው የጀርባው ነው። የሆዱ ይለጠጣል፤ ቀበቶ ከሆድ ቆዳ የገዛ ሰው በዓመቱ ሌላ ቀዳዳ ሲበሳ ታዩታላችሁ።

ስለ ሌጦው ግን ሁላችንን የሚመለከት ነገር አለ። የደጋ በጋችን ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ በዓለም ለጓንት የተፈለገ ነበር፤ ፒታርድስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለብዙ ዘመን ገዝቶታል። ቀድሞ በፋሲካ ማግሥት «ሌጦ አለ?» የሚል ሰው በየበሩ ይመጣ ነበር። አሁን በየበዓሉ ሌጦ ሲጣል እናያለን። ዋጋው ከወደቀባቸው ምክንያቶች አንዱ ጥራቱ ነው፤ ሲገፈፍ ቢላ ይጭረዋል፣ ሳይጨመርበት ጨው ያድራል። በተገፈፈ በ4 በ5 ሰዓት ውስጥ የክብደቱን ሲሶ ያህል ጨው በሥጋው በኩል ማልበስ ያስፈልጋል። ሌላው ጠላት እከክ ነው፤ በበጉ ላይ ቅማልና መሰል ነፍሳት የሚያመጡት ጠባሳ ነው። በውጭ አገር ያሉ የቆዳ ጠበብት እንኳ በጽሑፋቸው «እከክ» ብለው በእኛው ቃል ይጠሩታል። በዚህ ታወቅን ማለት ነው! በጉን በጊዜው ማሳከም ለሥጋውም ለሌጦውም ይጠቅማል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ስለታም ካራ፣ ማስመሪያ፣ ወስፌ፣ ሁለት መርፌ፣ ጠንካራ ክርና ሰም። ሰም ደግሞ በጎጃም አይታጣም። ክሩን በሰም አሽቶ፣ በሁለቱም ጫፍ መርፌ አስገብቶ፣ በአንዱ ቀዳዳ ሁለቱንም መርፌ ከግራና ከቀኝ ማሳለፍ ነው። እንዲህ የተሰፋ ቆዳ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል፤ የመኪና ስፌት ግን አንድ ቦታ ከተበጠሰ ይተረተራል። የእጅ ሥራ ከመኪና ሥራ የሚበልጥበትን ለገዢው በዓይኑ ማሳየት የሚቻለው በዚህ ነው።

የመጀመሪያው ገበያ አዲስ ዕቃ አይደለም፣ ጥገና ነው። የተማሪ ቦርሳ ማንገቻ፣ የተበጠሰ ቀበቶ፣ የኮርቻ ጠፍር፣ የገበሬው ጅራፍና ምራን። እጅ የሚፈታው በዚህ ነው፤ ደንበኛም የሚገኘው በዚህ ነው። ከዚያ ቀበቶ፣ የገንዘብ ቦርሳ፣ የዳዊት ማኅደር ይከተላል። አገልግል መለበጥ ከሁሉ ያምራል፣ ከሁሉም ይከብዳል።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ፤ በዚህ ላይ ብንጣላም ልናገር። አንድ ቀበቶ እንውሰድ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው፤ የገበያ ዋጋ በየሳምንቱ እንደሚለዋወጥ ታውቃላችሁ። ቆዳው 350 ብር፣ ዘለበቱ 80፣ ክሩና ሰሙና ቀለሙ 30፤ ድምሩ 460 ብር። ሥራው 3 ሰዓት ቢፈጅና ሰዓቱን በ70 ብር ብናስበው 210 ብር። ካራና ወስፌ ያልቃሉና 30 ብር እንጨምር። ቀበቶው ገና ሳያተርፍ 700 ብር ሆነ ማለት ነው። ጎረቤት ይመጣና «ለእኔማ በ400 ትሰጠኛለህ» ይላል። ይሉኝታ ያለበት ሰው ይሰጣል። የሰጠው እንግዲህ ሦስት ሰዓቱን ብቻ አይደለም፣ ከኪሱም 60 ብር አውጥቶ ነው። እንዲህ ያለ ገዢ አሥር ቢመጣ ሙያው ሞተ። ታዲያ ያው ጎረቤት ከደብረ ማርቆስ ሱቅ ቆዳ መሳይ ፕላስቲክ በተባለው ዋጋ ገዝቶ ሲመለስ አንድም ቃል አይከራከርም!

ስለዚህ እኔ ከመጀመሪያው አንድ ደንብ አወጣሁ። ስጦታ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ስጦታ ነው፤ በሠርግ ወይም በክርስትና ቀን አምጥቼ እሰጣለሁ። ሽያጭ ከሆነ ግን ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው፣ ለወንድሜም ቢሆን። ግማሹን በቀብድ እቀበላለሁ፤ ቀብዱ ቆዳውን ይገዛልኛል፣ እኔም አልበደርም። ገቢና ወጪውን በአንድ ደብተር እጽፋለሁ። በዚህ የተቀየመኝ ሰው አለ። ይሁን።

የቀረውን በአጭሩ ልጨርስ። ሥራው ከጥገና አልፎ በቋሚነት መሸጥ ሲጀመር ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ፈቃድ መጠየቅ፣ የግብር ከፋይ ቁጥርም ማውጣት ነው። ብድርን ከመጀመሪያው አልመክርም፤ ቀድሞ አብቁተ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሚባለው ዘንድ ቢሄድ እንኳ የስድስት ወር የሒሳብ ደብተር ይዞ ይሂድ። ደግሞም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ እንዳየነው የአባይ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ከርሟል፤ ዘለበትና ክር የሁለት ሦስት ወር አስቀድሞ መያዝ ብልኅነት ነው።

ንግግሬን ስጨርስ አንዲት እናት ተነሥተው «ልጄ 12ኛ ክፍል ፈተና አላለፈችም፤ ይህን ሙያ ብትይዝ ስንት ጊዜ ይፈጅባታል? ሴትስ ትችለዋለች?» ሲሉ ጠየቁኝ። የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር። ስፌት የሚፈልገው ዓይንና ትዕግሥት ነው፤ እንጀራ በሰፌድ የምታነሣ፣ ሙዳይ የምትሰፋ እጅ ግማሹን ታውቀዋለች። ቀጥ ያለ ስፌት በሁለት ሳምንት፣ የማያሳፍር ቀበቶ በሁለት ወር ይወጣል፤ አገልግል ግን ከባለሙያ ጋር ዓመት መቀመጥ ይጠይቃል፤ ፈቃዳቸው ከሆነ እኒያን አዛውንት እለምናቸዋለሁ፣ ለትምህርታቸውም ይከፈላቸዋል። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከእኔ ቤት ትምጣ፣ ወስፌዋን ይዛ። የመጀመሪያ ሥራዋ የእድራችን የገንዘብ መዝገብ ልባስ ይሆናል፤ ገንዘብ ያዣችንም ሙሉ ዋጋውን ሊከፍሉ፣ ግማሹንም በቀብድ ሊሰጡ በጉባኤው ፊት ተስማምተዋል።