የዕረፍት ጊዜ ዕቅድ፤ የማልታ ደሴት እንደ ምሳሌ

(በመሐንዲሶች የሙያ ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ድልድይ ከመሥራቱ በፊት ወንዙን ይለካል። የክረምቱን ሙላትና የበጋውን መጉደል ይመረምራል፤ አፈሩን ያስቆፍራል፤ ያለውን ገንዘብና ያለውን ጊዜ አመዛዝኖ ሊሠራ የሚችለውን ከማይችለው ይለያል። ይኸው ሰው ስለ ራሱ የዕረፍት ጊዜ በሚያስብበት ሰዓት ግን መለኪያውን ሁሉ አስቀምጦ በአንድ የባሕር ዳርቻ ሥዕል ይማረካል። ለብዙ ዓመት የተጠራቀመ ገንዘብና የአንድ ቤተሰብ ተስፋ ግን ከድልድይ ባላነሰ ጥንቃቄ ሊታቀድ ይገባዋል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህንኑ በአንዲት የሜዲቴራኒያን ደሴት ምሳሌነት ማስረዳት ነው።

ለምሳሌነት የተመረጠችው ማልታ ናት። የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሁሉ በሐዋርያት ሥራ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ «መላጥያ» በሚል ስሟ ያውቃታል። ሐዋርያው ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቡ ተሰብሮ ከነበሩት 276 ሰዎች አንዱ ሆኖ በሕይወት የወጣው በዚህች ደሴት ጠረፍ ነው። ማልታ ከሲሲሊ በስተደቡብ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ስትሆን ከጎዞና ከኮሚኖ ጋር ተደምራ ስፋቷ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ መሬት ላይ በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ519,000 በላይ ነዋሪዎች ተመዝግበዋል፤ በ2019 ደግሞ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ጎብኚዎች ገብተውባታል። (በዚህ ንግግር የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ዕቅድ አውጪው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር የደሴቲቱ ቦታም፣ ውኃም፣ መንገድም የተወሰነ መሆኑን ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቤተሰብ በሐሳብ እናቁም ቢባል፣ መሐንዲሱ ከባለቤቱ፣ ከዐሥራ ሁለት ዓመት ወንድ ልጁ፣ ከአምስት ዓመት ሴት ልጁና ከእናቱ ጋር ለዐሥር ቀን ሊሄድ አስቧል። መሐንዲሱ የጥንቱን የድንጋይ ሥራ ማየት ይሻል። ልጆቹ ባሕሩን ይሻሉ። እናቱ ጉልበታቸው የደከመ ሲሆን የሚመኙት ጳውሎስ የወረደበትን ስፍራ ማየት ብቻ ነው። ባለቤቱ ከሁሉ በፊት ማረፍ ትፈልጋለች። እነዚህ አራት ፍላጎቶች በዐሥር ቀን ውስጥ ሳይጣሉ እንዲኖሩ ማድረግ የዕቅዱ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ወቅቱ ነው። ማልታውያን የጳውሎስን መርከብ መሰበር በፌብሩዋሪ 10፣ ማለትም በእኛ የካቲት መጀመሪያ፣ በታላቅ በዓል ያስባሉ፤ በዚያን ጊዜ ግን ባሕሩ ለልጆች መዋኛ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ ትምህርትም አልተዘጋም። የደሴቲቱ መልካም ወራት ግንቦትና ጥቅምት ናቸው፤ እነዚህም ከትምህርት ቤት ጊዜ ጋር አይስማሙም። የአገራችን ልጆች የሚያርፉበት ክረምት ደግሞ በዚያ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚበልጥበት ደረቅ በጋ ነው። ነሐሴ ከሁሉ ይከብዳል። ነሐሴ 9 ቀን፣ በኦገስት 15፣ ማልታውያን የእመቤታችንን በዓል ስለሚያከብሩና ራሳቸውም ስለሚያርፉ ዳርቻው ሁሉ በሰው ይሞላል፤ ለእናቲቱም ወቅቱ ጾመ ፍልሰታ ነው። ሁሉን ለማግኘት የሚያቅማማ ሰው በዚህ ላይ ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል።

መፍትሔው በቀን መቁጠሪያው ውስጥ ይገኛል። ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በሰኔ ማብቂያ ገደማ ነው፤ የጴጥሮስና የጳውሎስ በዓል ደግሞ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሐምሌ 5 ቀን ይውላል። ይህ ቀን በዛሬው የአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 12 ሲሆን በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር ጁን 29 ነው፤ ማልታውያንም የሁለቱን ሐዋርያት በዓል የሚያከብሩት በጁን 29 ነው። ቤተሰቡ ሐምሌ 3 ቀን ቢደርስ ከነሐሴው መጨናነቅ ያመልጣል፤ እናቲቱም የሰኔውን ጾም በደሴቲቱ ላይ ፈተው የጳውሎስን በዓል ጳውሎስ በዳነበት ጠረፍ ያከብራሉ። ሙቀቱ ግን እንዳለ ስለሆነ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት በጥላ ሥር ማሳለፍ ከዕቅዱ ጋር አብሮ መጻፍ አለበት።

ቀኑ ከተቈረጠ በኋላ ወደ ኋላ መቁጠር ይገባል። ማልታ ከ2007 ጀምሮ የሸንገን አገሮች አባል ስለሆነች የቪዛው ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ሊቀርብ ይችላል፤ ከዐሥራ አምስት ቀን በታች ሲቀረውም አይቀርብም። ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው የጉዞ የጤና መድን አብሮ ይጠየቃል። ስለዚህ የሐምሌ ተጓዥ ሥራውን በጥር ይጀምራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ማደሪያው ነው። ዋና ከተማዋ ቫሌታ ለመሐንዲስ ዓይን ትልቅ ትምህርት ቤት ናት፤ መንገዶቿ ግን በብዙ ስፍራ ደረጃ ናቸው፤ ለደከመ ጉልበት አይመቹም። በሰሜን ያለችው መሊሓ በአንጻሩ ሰፊና ጥልቀት የሌለው የአሸዋ ዳርቻ አላት፤ የጳውሎስ ወሽመጥ በአቅራቢያዋ ነው፤ ወደ ጎዞ የሚሻገረው መርከብም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ወደ ቫሌታ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ መሄድ ግድ ይሆናል። ይህ ዋጋ የታወቀ ዋጋ ነው፤ በየሁለት ቀኑ ሻንጣ እያነሡ ማደሪያ ከመለወጥ ግን ይሻላል።

ሦስተኛው ጉዳይ ውኃ ነው። በማልታ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ ሐይቅም የለም። ከ1565ቱ ታላቅ የቱርኮች ከበባ በኋላ በ1566 ቫሌታ ስትመሠረት መሐንዲሱ ፍራንቼስኮ ላፓሬሊ ከተማዋን በቀጥተኛ መንገዶች ከፋፍሎ ነደፈ፤ በደንቡም እያንዳንዱ ቤት የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ እንዲኖረው ታዘዘ። ይህ ስላልበቃ ከ1610 እስከ 1615 ድረስ ከመሐል አገር ምንጮች ወደ ከተማዋ ውኃ የሚያመጣ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቦይ ተሠራ፤ ቅስቶቹ እስከ ዛሬ ይታያሉ። በ1982 ደግሞ በአር ላፕሲ የባሕርን ውኃ ጨዉን እያጣራ የሚያጠጣ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ከሕዝቡ የመጠጥ ውኃ ከግማሽ የሚበልጠው ከባሕር የሚገኝ ነው። እንግዳው በማደሪያው የሚከፍተው ውኃ እንግዲህ በኤሌክትሪክ ኃይል የተሠራ ውኃ ነው። ይህንን የሚያውቅ ጎብኚ ልጆቹ ቧንቧ ከፍተው እንዲጫወቱ አይፈቅድም፤ በአገሩ ውኃ ተራ ጠብቆ የቀዳ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም።

ውኃ ለማጠራቀም የሚቈፍሩ ሠራተኞች ነበሩ በ1902 በፓውላ ከተማ የደሴቲቱን ታላቅ ቅርስ ያገኙት። ሐል ሳፍሊኒ የተባለው ይህ ከመሬት በታች በሦስት ደረጃ የተፈለፈለ መካነ መቃብር ሥራው የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት 4000 ዓመት አካባቢ ነው። የጎብኚዎች ትንፋሽ የሚፈጥረው እርጥበት ግድግዳውን ስለሚጎዳ በአንድ ጊዜ የሚገቡት 10 ሰዎች፣ በቀን የሚገቡት 80 ብቻ ናቸው። ከስድስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይገባም። ስለዚህ መግቢያው ከብዙ ሳምንት በፊት መያዝ አለበት፤ የአምስት ዓመቷ ልጅም ከአያቷ ጋር በውጭ ትቆያለች። ይህ አስቀድሞ ካልታወቀ በበር ላይ እንባ ይሆናል፤ ከታወቀ ግን ለአያትና ለልጅ የአንድ ሰዓት ጨዋታ ነው።

በዚያችው በፓውላ ከተማ የአዶሎራታ መካነ መቃብር ይገኛል። በኤፕሪል 2015 ከሊቢያ ተነሥታ ብዙ መቶ ስደተኞችን ይዛ ከሰመጠችው ጀልባ የወጡ 24 አስከሬኖች፣ ስማቸው በውል ሳይታወቅ፣ እዚያ ተቀብረዋል። በዚህ ባሕር ላይ ባለፉት ዓመታት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ተጉዘዋል፤ ማልታ የደረሱ አሉ፤ ያልደረሱም አሉ። ለአንዱ የዕረፍት የሆነው ባሕር ለሌላው የሞት መንገድ መሆኑን የሚያስብ ቤተሰብ ከዐሥሩ ቀን አንዱን ሰዓት ለዚህ ቢሰጥ ዕረፍቱ አይቀነስበትም። የጥንቶቹ የደሴቲቱ ሰዎች ከባሕር ለወጡት እንግዶች እሳት አንድደው እንደ ተቀበሏቸው የሚተርከውን ምዕራፍ እናቲቱ በቃላቸው ያውቁታል፤ በዚህ ስፍራ ለልጅ ልጆቻቸው የሚነግሩት አያጡም።

ወደ ጎዞ የሚሻገረው መርከብ 25 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ከቺርኬዋ ሲነሡ ሳይሆን ከጎዞ ሲመለሱ ይከፈላል። በዚያ የሚገኙት የጂጋንቲያ ቤተ መቅደሶች ከግብጽ ፒራሚዶች ይቀድማሉ። ነገር ግን በብዙ የጉዞ ሥዕሎች ላይ የሚታየው «ሰማያዊ መስኮት» የተባለው የባሕር ዳር ቅስት በማርች 8 ቀን 2017 በማዕበል ፈርሷል፤ በአሮጌ መጽሐፍ የሚያቅድ ሰው የሌለ ነገር ፍለጋ ይሄዳል። ወደ ኮሚኖ ሰማያዊ ወሽመጥ ለመውረድም ከ2025 ጀምሮ አስቀድሞ ተራ መያዝ ያስፈልጋል።

ለአማርኛ ተናጋሪ በማልታ የሚጠብቀው አንድ ደስታ አለ። የማልታ ቋንቋ በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ የሴም ቋንቋ ነው። ራስ «ራስ» ነው፤ ዓይን «አይን» ነው፤ ደም «ደም» ነው፤ የጥንቷ ዋና ከተማም ስሟ «ኢምዲና»፣ መዲና ማለት ነው። የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ በየመንገዱ እንዲህ ያሉ ቃላትን እንዲለቅም ደብተር ቢሰጠው የአባቱን ድንጋይ ማየት አይሰለቸውም።

እንግዲህ ዐሥሩ ቀን እንዲህ ይደለደላል፤ አራት ቀን ለባሕሩ፣ ሁለት ቀን ለቫሌታና ለፓውላ፣ አንድ ቀን ለመዲናዪቱ፣ አንድ ቀን ለጎዞ፣ አንድ ቀን በጳውሎስ ወሽመጥ ለበዓሉ። አንዱ ቀን ባዶ ይቀራል። መሐንዲስ በእያንዳንዱ ሥራ ለድንገተኛ ነገር መጠባበቂያ እንደሚያስቀምጥ ይህም ቀን መጠባበቂያ ነው፤ ልጅ ቢታመም፣ ማዕበል ቢነሣ፣ ወይም እናቲቱ ወደ ወሽመጡ ዳግመኛ መሄድ ቢሹ ያገለግላል። ምንም ካልደረሰ ደግሞ ባለቤቱ ስትጠብቀው የነበረው ቀን እርሱ ነው።

በዚህ ዕቅድ ውስጥ ሳይታዩ የሚቀሩ ብዙ ስፍራዎች አሉ፤ ኮሚኖም ከእነዚሁ አንዷ ናት። መሐንዲሱ ይህን እያወቀ ከተዋቸው አይቈጨውም። አቅሙን፣ የቤተሰቡን ጉልበትና የአስተናጋጁን አገር ወሰን ለክቶ የተነሣ ሰው ሳይጣላና ሳይደክም ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የደረሰበትም አገር እንግድነቱን አይጠላበትም።