ዋስ ጠርቶ የወጣ ባል ወዴት ይገባል?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ አንድ የሕግ ተማሪ ያደረገው ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተፈቀደልኝ ጉዳይ ሚስቱን ደብድቦ የተያዘ ሰው በዋስ የሚለቀቅበት መንገድና ከተለቀቀ በኋላ በቤት ውስጥ የሚሆነው ነገር ነው። ነገሩ ለሕግ ተማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ፣ ዕድሜያቸውም ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች ውስጥ ከመቶው 34ቱ ከትዳር ጓደኛቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። እንግዲህ ይህ ነገር በቤቱም ሆነ በጎረቤቱ ፈጽሞ አልደረሰም የሚል ሰው ከመካከላችን ብዙ አይገኝም።

ዋስ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ከቁራኝነት የሚያላቅቀውም ዋስ ነበር። የዋሱም ተግባር ለአንድ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው፤ ይህ ሰው በቀጠሮው ቀን ይቀርባል ወይስ አይቀርብም? ለዕዳና ለርስት ሙግት ይህ ጥያቄ ይበቃ ይሆናል። ከሳሽና ተከሳሽ ባንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ በሆኑ ጊዜ ግን አይበቃም። እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ መጨመር አለበት፤ ይህ ሰው ዛሬ ማታ የት ያድራል?

አስቀድመን ሕጉ የሚለውን በተራ እንመልከት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564፣ በትዳር ጓደኛው ወይም ያለ ጋብቻ አብሮት በሚኖር ሰው ላይ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያደረሰ ሰው በሌላ ሰው ላይ ጉዳት እንዳደረሰ ሁሉ እንዲቀጣ ያዝዛል። ስለዚህ «የባልና የሚስት ጠብ ነው፤ ቤታችሁ ጨርሱት» ብሎ አቤት ባይን መመለስ የሕግ ድጋፍ የለውም።

ሰውየው ተይዞ ፖሊስ ጣቢያ ከገባ በኋላ፣ የተባለው ወንጀል ጽኑ እሥራት የማያስቀጣ ከሆነ፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 28 መርማሪው ፖሊስ ራሱ በዋስ እንዲለቀው ይፈቅዳል። ጠዋት የተያዘ ሰው ማታ እቤቱ ሊገኝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ካልተለቀቀም ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት፤ ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተረጋገጠ መብቱ ነው። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስሁም ቢል ዳኛው ባንድ ጊዜ ከ14 ቀን የማይበልጥ ቀጠሮ ሊሰጠው ይችላል።

ዋስትናን በሚመለከት አንቀጽ 63 አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለው። ወንጀሉ ከባድ ሆኖ የተጎዳው ሰው ሊሞት የሚችል ከሆነ ተጠርጣሪው በዋስ አይለቀቅም። አንቀጽ 67 ደግሞ ዋስትና የሚነፈግበትን ምክንያት ይዘረዝራል፤ ግዴታውን የማይፈጽም መስሎ ከታየ፣ ቢለቀቅ ሌላ ወንጀል ይሠራል ተብሎ ከታሰበ፣ ወይም ምስክር የሚያባብልና ማስረጃ የሚያጠፋ ከሆነ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «እንዲህ ላለ ሰው ጨርሶ ዋስ አይፈቀድ» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ያልተፈረደበት ሰው ንጹሕ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ይህን መብት ዛሬ ለምንጠላው ሰው ብንነፍግ ነገ ለራሳችን አናገኘውም። ደግሞም የቤቱ እንጀራ በእርሱ ደመወዝ የሚበላ ከሆነ፣ እንደ ወጣ ይቀራል ብላ የምትፈራ ሚስት ከነጭራሹ አቤት ሳትል ትቀራለች።

ይሁን እንጂ ዋስትናው እንዴት እንደሚሠራ በሚገባ እንየው። ቀላል የአካል ጉዳት የሚያስከስሰው ተበዳይዋ አቤቱታ ስታቀርብ ነው። እንግዲህ የተለቀቀው ሰው ከክሱ የሚድንበት አጭሩ መንገድ አቤቱታዋን እንድትተው ማድረግ ነው። አማላጅ ይላካል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ልጆቹም ይጠቀሳሉ። እርቅ ደም ያድርቅ ማለት የአባቶቻችን መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን ያስታራቂው ሽማግሌ ሲሄድ ከደብዳቢዋ ጋራ በር ዘግታ የምታድረው እርስዋ ናት። ለዋስትና የሚያዘው ገንዘብስ ከየት ይመጣል? በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ ያፈሩት ገቢ የጋራ ነው። ስለዚህ ከቤቱ ቁጠባ ተነሥቶ ለባል ማስለቀቂያ የተያዘው ብር ግማሹ የተደበደበችው ሴት ገንዘብ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ዋስትናው ሲወሰን ችሎቱ የሚሰማው የፖሊስን ወይም የዐቃቤ ሕግንና የተጠርጣሪውን ቃል መሆኑ ነው። እርስዋ ያላት ፍርሃት በመዝገቡ ካልተጻፈ ዳኛው ሊያውቀው አይችልም። «ከዚህ በፊት በቢላዋ ዝቶብኛል» የሚል አንድ መሥመር ቢኖር ግን አንቀጽ 67 ይሠራል። ሕገ መንግሥቱም ለፍርድ ቤቱ ሰውየውን በገደብ የመፍታት ሥልጣን ስለ ሰጠው፣ ወደ ቤቷና ወደ ሥራ ቦታዋ እንዳይደርስ መጠየቅ ይቻላል። ከተለቀቀም በኋላ ቢዝትባት ነገሩ አልቆ አይቀርም፤ በአንቀጽ 74 መሠረት አዲስ ነገር ሲገለጥ ፍርድ ቤቱ የዋስትናውን ትእዛዝ እንደገና ሊመረምር ይችላል።

በሕጋችን ያለውን ጉድለትም መሸፈን አይገባም። የቤተ ሰብ ሕጉ አንቀጽ 82 ከባልና ሚስት አንዱ ከጋራ መኖሪያቸው እንዲወጣ ዳኛው የሚያዝበትን ሁኔታ ይናገራል፤ ይህ ግን የፍቺ አቤቱታ ለቀረበበት ጉዳይ ነው። መፋታትን ሳትፈልግ መደብደብን ብቻ የምትጠላ ሴት በዚህ በር ልትገባ አትችልም። ጎረቤታችን ኬንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ባወጣችው ሕግ ለተጠቂው በቀጥታ የጥበቃ ትእዛዝ የሚሰጥበትን መንገድ ከፍታለች። እኛም እንዲህ ያለ ሕግ ያስፈልገናል።

እስከዚያው ድረስ የሚሠራ ሥራ አለን። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም መጠጊያ ላጡት ማረፊያ አለው። በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ከእኛ መካከል ፈቃደኞች የሆኑ ተራ ገብተው፣ አንዲት ተበዳይ አቤት ባለች በ48 ሰዓት ውስጥ የዛቻውን ቀን፣ የጉዳቱን ዓይነትና የምትጠይቀውን ገደብ በአንድ ገጽ ጽፈው ለመርማሪውና ለዐቃቤ ሕጉ እንድታደርስ ይርዷት። ወረቀቱ የሰውየውን መብት አይነካም፤ ዳኛው ግን ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ይወስናል።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ከቆሙበት አይንቀሳቀሱም ነበር። ይህች ቃል በአደባባይ እንደምትከበር በጓዳም ትከበር ዘንድ እንድንሠራ እለምናችኋለሁ።