የዣንጥላ ዘላይ ሥርዓት



እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1797 ዓ.ም. አንድሬ ዣክ ጋርኔራን የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ ከተማ ከፊኛ በዣንጥላ ወረደ፤ ዣንጥላው ክፉኛ ቢወዛወዝበትም በደኅና ምድር ረገጠ። ዛሬ ይኸው ሥራ ለብዙዎች የዕረፍት ቀን መዝናኛ ሆኗል።

ዘላዩ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ይወጣል። በሆዱ ተደፍቶ ሲወርድ ፍጥነቱ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ የአየሩ ግፊት ክብደቱን ስለሚመክተው አይጨምርም። ዣንጥላው እስኪከፈት ያለው ደስታ አንድ ደቂቃ ያህል ነው።

ስለዚህች ደቂቃ ግን ብዙ ይደከማል። ዣንጥላው በጥንቃቄ ይታጠፋል፤ ማሰሪያው፣ የመክፈቻው እጀታና ከፍታ መለኪያው ይመረመራሉ፤ ጓደኛውም ደግሞ ያይለታል። ዋናው ዣንጥላ እንቢ ቢል፣ እርሱን ጥሎ ተጠባባቂውን መክፈትን ገና በምድር ሳለ እጁ እስኪለምደው ይደጋግማል። ሺህ ጊዜ የዘለለም ቢሆን ይህን ሥርዓት አያጎድልም፤ ልምድ ያዘናጋልና።

በማሠልጠኛችን ወጣት መምህራን የዕለቱን ትምህርት አስቀድሞ ማዘጋጀት ሲሰለቻቸው አያለሁ። ዘላዩ ቢዘናጋ ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ይጎዳል፤ እኛ ብንዘናጋ ግን የሚጎዳው ተማሪው ነው። ስለዚህ ነባሩም መምህር እንደ ጀማሪው ተዘጋጅቶ ይግባ እላለሁ።